የታዳሽ ኃይል ዕቅድ ግሪን ሃውስ ላለው መኖሪያ ቤት

የታዳሽ ኃይል ዕቅድ አንድ ቤተሰብ ከፀሐይ፣ ከእበት፣ ከነፋስ ወይም ከወራጅ ውሃ ሊያገኝ የሚችለውን ኃይል ከሚያስፈልገው የኃይል መጠን ጋር አስቀድሞ የማመዛዘን ሥራ ነው። በጓሮው ግሪን ሃውስ ያለው ቤት ሲሆን ዕቅዱ ከሰዎቹ ፍላጎት በተጨማሪ የተክሎቹን የሙቀት፣ የአየርና የውሃ ፍላጎት ያካትታል። ይህ መጣጥፍ ጉዳዩን በአማራ ክልል፣ በሰሜን ወሎ ዞን፣ በወልዲያ ከተማ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ሁኔታ ያስረዳል።

በዚህ አካባቢ ከቤት ፍጆታ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምግብ ማብሰልና እንጀራ መጋገር ነው። ግሪን ሃውሱ ደግሞ ከማሞቂያ ይልቅ ጥላ፣ የአየር ዝውውርና ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉንም ሥራ ከሶላር ፓኔል መጠበቅ ወጪውን እጅግ ያንረዋል። የማብሰሉ ሥራ ለማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ለባዮጋዝ፣ የመብራትና የትንንሽ ሞተሮች ሥራ ለፀሐይ ኤሌክትሪክ፣ የማከማቸቱ ሥራ ደግሞ በተቻለ መጠን ለውሃ ማጠራቀሚያ ሲከፋፈል ሥርዓቱ አንድ ቤተሰብ ሊሸከመው በሚችል መጠን ይወሰናል።

የአካባቢው ሁኔታ

ወልዲያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ በ2,100 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልዲያ በስተደቡብ በደሴ መንገድ ላይ በ1,600 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ውርጌሳ፣ ስሪንቃና ጊራናም በዚሁ ወረዳ ውስጥ ናቸው። የሀብሩ መሬት በምዕራብ ከተራራማው የጉባ ላፍቶ ወረዳ ተነስቶ በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ሁለቱ ከተሞች በወይና ደጋ ክልል ውስጥ ቢመደቡም መርሳ ወደ ቆላው ትጠጋለች። በከፍታቸው መካከል ያለው የ500 ሜትር ልዩነት ብቻውን 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሙቀት ልዩነት ያስከትላል።

ዝናቡ በሁለት ወቅት ይመጣል። በልግ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ አካባቢ የሚጥለው ነው፤ ከዓመት ዓመትም እጅግ ይለያያል። ዋናው የክረምት ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል። በእነዚህ ሁለት ወራት ደመናው የፀሐዩን ጉልበት ይቀንሳል። በበጋ ግን ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ለኢትዮጵያ በአማካይ የሚወሰደው የፀሐይ ጨረር መጠን በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5.2 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ነው። ተራራ የከበበው ቦታ ላይ ግን ፀሐይ ዘግይታ ትወጣለች፣ ቀድማም ትጠልቃለች። ስለዚህ ቦታው ላይ ቆሞ ጥላው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያርፍ መመዝገብ የዕቅዱ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

የኤሌክትሪክ አቅርቦት

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ይመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የዚህ ዋና ማሳያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 ከመቶ የሚሆነውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ በሆኑ አማራጮች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል፣ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ይህም ተራርቀው ለተሠሩ የገጠር ቤቶች የፀሐይ ኤሌክትሪክ በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ እንዳለው ያሳያል።

መስመር የደረሰበት ቤትም ቢሆን የራሱ መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ የአካባቢው የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያስረዳል። በሰሜኑ ጦርነት ወልዲያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበረችበት ጊዜ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው አምፖሉ ብቻ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕና የስልክ ባትሪ መሙያ አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ መስመሩ ያለው ቤተሰብ ዕቅዱን ሲያወጣ መቋረጥ የሌለባቸውን ሥራዎች ለይቶ ለእነሱ ብቻ የሚበቃ ሥርዓት ሊያዘጋጅ ይችላል።

በአማራ ክልል የቤት ለቤት የፀሐይ ኤሌክትሪክ ቀደምት ምሳሌ በሰሜን ሸዋ ዞን የምትገኘው ሬማ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በአንድ የጀርመን የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን ድጋፍ ለነዋሪዎቿ አነስተኛ የሶላር መብራቶች ተተክለውላቸዋል፤ የጥገና ባለሙያዎች ማሠልጠኛም በዚያው ተቋቁሟል።

የግሪን ሃውሱ ፍላጎት

ግሪን ሃውስ የፀሐይን ብርሃን አስገብቶ ሙቀቱን የሚያቆይ በፕላስቲክ ወይም በመስታወት የተሸፈነ የተክል ቤት ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ዋናው የኃይል ወጪ ማሞቂያው ነው። በሰሜን ወሎ ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 900 ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ጨረር ያርፋል። 6 በ10 ሜትር በሆነ ግሪን ሃውስ ላይ ይህ 54 ኪሎዋት ይሆናል። ይህን ያህል ሙቀት በማቀዝቀዣ ማሽን ለማስወጣት መሞከር ለአንድ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። 30 ከመቶ ጨረሩን የሚከላከል የጥላ መረብ ግን ያለ ምንም ኤሌክትሪክ 16 ኪሎዋት ያህሉን ከውጭ ያስቀረዋል። መረብ በማይገኝበት ጊዜ ፕላስቲኩን በቀጭኑ ኖራ መቀባትም ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ኖራው በክረምት ዝናብ ታጥቦ ይለቅቃል፤ ይህም ደመና በሚበዛበትና ብርሃን በሚያስፈልግበት ወቅት ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ የአየር ዝውውር ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በጣሪያው አናት ላይ የተከፈተ መውጫ፣ በጎንና ጎን ደግሞ የሚጠቀለል ግድግዳ ሲኖር ቤቱ ራሱን ያናፍሳል። የመክፈቻዎቹ ስፋት በድምሩ ከወለሉ ስፋት ከ15 እስከ 25 ከመቶ ቢሆን ይመከራል። ነፍሳትን የሚከላከል ጥቅጥቅ ያለ መረብ አየሩንም ስለሚቀንስ በእሱ የተሸፈነ መክፈቻ ከዚህ ሰፋ ማለት አለበት። ረጅሙ ጎን ለአካባቢው ነፋስ ፊት ለፊት ቢሆን አየሩ በቀላሉ ያልፋል።

ቲማቲም በቀን ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጥሩ ያድጋል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ አበባው ሳይቋጥር ይረግፋል። ማራገቢያ ለተጨማሪ እርዳታ ሊገባ ይችላል፤ የተክሉ ሕይወት ግን በእሱ ላይ መመሥረት የለበትም። ማራገቢያው በእኩለ ቀን ቢበላሽ ወይም ኃይሉ ቢቋረጥ ተክሉ በጥላውና በመክፈቻዎቹ ብቻ ቀኑን ማለፍ መቻል አለበት። ይህ በተለይ በመርሳና ከእሷ በታች ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ወሳኝ ነው።

በወልዲያ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ የቲማቲምና የቃሪያ ዕድገት ይዘገያል። ለዚህ በቂ የሚሆነው ቀን የሞቀ ውሃ ነው። ጥቁር የተቀባ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውሃው በሌሊት 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 2.3 ኪሎዋት-ሰዓት ሙቀት ይለቅቃል። ይህ ከታች በስሌቱ ከሚገኘው የቤቱ ባትሪ አቅም በእጥፍ ያህል ይበልጣል።

የፍላጎት ስሌት

ዕቅዱ የሚጀምረው የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚሠራበት ሰዓት በማባዛት ነው። የሚከተለው ለአንድ ቤተሰብና ለ60 ካሬ ሜትር ግሪን ሃውስ የተሠራ ምሳሌያዊ የአንድ ቀን ስሌት ነው።

• ስድስት የኤል ኢ ዲ አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 7 ዋት፣ ለ5 ሰዓት፦ 210 ዋት-ሰዓት
• ሦስት ስልኮችን ቻርጅ ማድረግ፦ 30 ዋት-ሰዓት
• ቴሌቪዥንና ዲኮደር፣ በድምሩ 55 ዋት፣ ለ4 ሰዓት፦ 220 ዋት-ሰዓት
• የውሃ ፓምፕ፦ 60 ዋት-ሰዓት
• ሁለት የግሪን ሃውስ ማራገቢያዎች፣ እያንዳንዳቸው 30 ዋት፣ ለ6 ሰዓት፦ 360 ዋት-ሰዓት

ድምሩ 880 ዋት-ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ፓምፑና ማራገቢያዎቹ የሚሠሩት ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ስለሆነ ባትሪ አያስፈልጋቸውም። ባትሪውን የሚጠብቀው የቀሩት የቤት ዕቃዎች 460 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። በቀን 800 ዋት-ሰዓት የሚፈጅ ማቀዝቀዣ ቢጨመር ሥርዓቱ በእጥፍ ያህል እንደሚያድግ ከዚሁ ስሌት መረዳት ይቻላል።

ምጣድና ማገዶ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3.5 ኪሎዋት የሆነ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት-ሰዓት ይፈጃል። ይህ ከላይ የተዘረዘሩት ዕቃዎች በሙሉ በስምንት ቀን የሚፈጁት ኃይል ነው። ስለዚህ ምጣድን ከቤቱ ሶላር ጋር ማያያዝ ፓኔሉን፣ ባትሪውንና ኢንቨርተሩን ብዙ እጥፍ ያሳድጋል። መስመር ያለው ቤተሰብ ምጣዱን በዋናው መስመር ላይ ይተወዋል።

መስመር ለሌለው ቤት አማራጩ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ መጋገሪያ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የጢሱንም መጠን ስለሚያሳንስ ለጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ይጠቅማል። ከግቢው ዳር የሚተከል ባሕር ዛፍ ወይም ሌላ ማገዶ የሚሆን ዛፍ የዚህ ዕቅድ አካል ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሲያድግ ግን በፓኔሉና በግሪን ሃውሱ ላይ ጥላ በማይጥልበት ቦታ መሆን አለበት።

የፀሐይ ኤሌክትሪክ

የፓኔሉ መጠን የሚወሰነው ከሁሉ ደካማ በሆነው ወር ነው። ለክረምቱ በቀን 4.5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት፣ ለሽቦ፣ ለአቧራ፣ ለሙቀትና ለባትሪ ብክነት ደግሞ 30 ከመቶ ቢታሰብ፣ 880 ዋት-ሰዓት ለ4.5 ከዚያም ለ0.7 ሲካፈል 280 ዋት ያህል ይመጣል። ስለዚህ 300 ዋት ፓኔል ይበቃል።

ባትሪው ሁለት ደመናማ ቀናትን እንዲያሻግር 460 በ2 ተባዝቶ 920 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 80 ከመቶውን ያህል ሳይጎዳ ስለሚሰጥ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ አንድ ባትሪ ይበቃል። የሊድ አሲድ ባትሪ ግን ከግማሹ በላይ ባይራገፍ ስለሚመረጥ ለዚሁ ሥራ ከ150 አምፔር-ሰዓት በላይ የሆነ ያስፈልጋል። የሊድ አሲድ ባትሪ በሙቀት ይጎዳል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለሆነም ባትሪ በግሪን ሃውስ ውስጥ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም። ጥላ ያለው፣ አየር የሚያገኝ፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ይመረጥለታል።

ወልዲያና መርሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ በስተሰሜን በኩል ብትሆንም ማዘንበሉ ትንሽ ስለሆነ የሚቀረው ኃይል ጥቂት ነው። ጨርሶ የተጋደመ ፓኔል ግን አቧራና የዝናብ ጭቃ ያቁራል። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ፓኔሉን ያቀዘቅዘዋል። ፓኔል በግሪን ሃውሱ ፕላስቲክ ላይ አይጫንም፤ ክብደቱ ተሸካሚውን ይጎዳል፣ ጥላውም ተክሉን።

ውሃ መሳብና ማጠራቀም

60 ካሬ ሜትር የሆነ የቲማቲም ወይም የሰላጣ ግሪን ሃውስ በካሬ ሜትር 5 ሊትር ቢታሰብለት በቀን 300 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ውሃን ለማንሳት የሚያስፈልገው ኃይል፣ በዋት-ሰዓት፣ የውሃው መጠን በሜትር ኩብ ከከፍታው በሜትርና ከ2.7 ጋር ተባዝቶ ይገኛል። 300 ሊትር ውሃ ከጉድጓድ እስከ ታንከር በድምሩ 20 ሜትር ቢነሳ 16 ዋት-ሰዓት ይሆናል። 30 ከመቶ ብቻ ውጤታማ በሆነ ትንሽ ፓምፕ ሲካፈል ወደ 55 ዋት-ሰዓት ይደርሳል። ይህ አንድ ቴሌቪዥንና ዲኮደር በአንድ ሰዓት ከሚፈጁት ኃይል ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ውሃ ማውጣቱ ብዙ ኃይል አይጠይቅም፤ ችግሩ የሚሆነው የውሃው መገኘት ነው።

ፓምፑ ቀን ቀን በቀጥታ ከፓኔሉ ኃይል እያገኘ ውሃውን ከፍ ብሎ ወደተቀመጠ ሮቶ ይልካል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከሦስት ቀን በላይ ፍጆታ ያቆያል። ባትሪ በየጥቂት ዓመቱ ሲለወጥ ሮቶ ግን በጥላ ሥር ከተቀመጠ ረጅም ዘመን ያገለግላል። ከሮቶው የሚወርደው ውሃ በአንድና ሁለት ሜትር ከፍታ ብቻ አነስተኛ የጠብታ መስኖን ያሠራል። በአካባቢው የጠብታ መስኖ እንግዳ አይደለም፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በሰፊ እርሻዎች ላይ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃን በጠብታና በርጭት መስኖ ሲያዳርስ ቆይቷል። በሀብሩ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለአካባቢው የሚስማሙ ሰብሎችን በማጥናት ይታወቃል።

ሁለተኛው የውሃ ምንጭ ጣሪያው ነው። 50 ካሬ ሜትር የቤቱ ቆርቆሮና 60 ካሬ ሜትር የግሪን ሃውሱ ፕላስቲክ በ100 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ 20 ከመቶ ብክነት ቢታሰብ እንኳ፣ 8,800 ሊትር ይሰጣሉ። ይህ ግሪን ሃውሱን ለ29 ቀን ያጠጣል። ውሃው በጂኦመምብሬን በተነጠፈና በተከደነ ጉድጓድ ሊጠራቀም ይችላል። ክዳኑ ትነትን፣ የወባ ትንኝንና የሕፃናትን አደጋ ይከላከላል።

ባዮጋዝ

በኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2000 ዓ.ም. ሲጀመር አማራ ክልል ከአራቱ የመጀመሪያ ክልሎች አንዱ ነበር። በፕሮግራሙ የተሠራጨው ስንዱ የተባለው ማብላያ በኔፓል ንድፍ ላይ ተመሥርቶ በድንጋይና በሲሚንቶ ከመሬት በታች የሚገነባ ሲሆን 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሜትር ኩብ መጠኖች አሉት።

6 ሜትር ኩብ የሆነ ማብላያ በየቀኑ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ግራም ትኩስ እበትና ያንኑ ያህል ውሃ ይፈልጋል። በረት ውስጥ የሚያድሩ አራት ከብቶች ይህን ሊያሟሉ ይችላሉ። ከአንድ ኪሎ ግራም እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ስለሚገኝ 40 ኪሎ ግራም እበት 1.6 ሜትር ኩብ ጋዝ ይሰጣል። ይህም አንድ ምድጃ ለአራት ሰዓት ያህል ወጥ፣ ሻይና ቡና እንዲያፈላ ያስችለዋል። ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ በእኩል ማጋል ግን ለተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ይከብደዋል። ማብላያው በሞቃት አፈር ውስጥ የተሻለ ጋዝ ስለሚሰጥ ከደጋው ይልቅ የሀብሩ ዝቅተኛ ቦታዎች ይመቹታል።

ከማብላያው የሚወጣው ባዮስለሪ የግሪን ሃውሱ ማዳበሪያ ይሆናል። እበቱ ኩበት ሆኖ ቢነድ ከአፈሩ ይቀር የነበረው ናይትሮጅን በዚህ መንገድ ወደ ተክሉ ይመለሳል። ከብት የሌለው ወይም ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ቤተሰብ ግን ባዮጋዝን በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት የለበትም፤ ያልተመገበ ማብላያ ወጪ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ነፋስና አነስተኛ የውሃ ኃይል

የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ በሴኮንድ 6 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 3 ሜትር ከሚነፍሰው ስምንት እጥፍ ኃይል አለው። በትግራይ ክልል በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው 120 ሜጋዋቱ የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ነፋሱ ተለክቶ በተመረጠ ገላጣ ከፍታ ላይ ነው። በተራራ በተከለለ ግቢ ውስጥ የሚተከል ትንሽ ተርባይን ያን ያህል ነፋስ ስለማያገኝ ያለ አንድ ዓመት ልኬት መግዛት አይመከርም።

ከምዕራቡ ተራራ የሚወርድ ምንጭ ለሚያልፍበት ግቢ አነስተኛ የውሃ ተርባይን ይታሰባል። በሴኮንድ 5 ሊትር ውሃ ከ20 ሜትር ከፍታ ሲወርድ፣ ግማሹ ቢባክን እንኳ፣ 490 ዋት ያህል ቀንና ሌሊት ይሰጣል። ነገር ግን የጅረቱ መጠን መለካት ያለበት በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው እጅግ ባነሰበት ጊዜ ነው። በክረምት ደግሞ ጎርፍ እንዳይወስደው መጥለፊያው ከወንዙ አልጋ መራቅ አለበት።

የአሠራር ቅደም ተከተል

ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለማይሟላለት ቤተሰብ ሥራው በሚከተለው ተራ ሊከናወን ይችላል።

1. ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የኤል ኢ ዲ አምፖሎችን ማስገባት።
2. የግሪን ሃውሱን መክፈቻዎችና የጥላ መረብ ማስተካከል።
3. የጣሪያ ውሃ መሰብሰቢያ፣ ሮቶና የጠብታ መስኖ መዘርጋት።
4. ለቤት መብራት የሚበቃ ፓኔልና ባትሪ መትከል፣ ቀጥሎም ፓምፑን ማገናኘት።
5. ከብትና ውሃ ካለ የባዮጋዝ ማብላያ መገንባት።
6. የአንድ ዓመት ፍጆታ ከታየ በኋላ ማራገቢያና ማቀዝቀዣ መጨመር።

ደህንነትና ጥገና

በባትሪው አጠገብ ተስማሚ ፊውዝ፣ ለሥርዓቱ ደግሞ የመሬት መስመር ያስፈልጋል። ከዋናው መስመር ጋር የተገናኘ ቤት ኢንቨርተር ሲያስገባ ሁለቱ ኃይሎች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚለይ መቀያየሪያ ማብሪያ ግዴታ ነው። ይህ ካልተደረገ ከቤት የሚወጣው ኃይል መብራት ጠፍቷል ብሎ መስመር የሚጠግን ሠራተኛን ሊገድል ይችላል። የባዮጋዝ ቱቦ መፍሰሱ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ ክብሪት አይጫርበትም። ወደ ማብላያው ጉድጓድ ያለ በቂ አየር መግባትም ለሞት ያደርሳል።

በበጋ ፓኔሉ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት ሳይግል፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጸዳል። የጠብታ መስኖው ማጣሪያ በየሳምንቱ ይታጠባል። ከፀሐይ ጨረር ጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር የተጨመረበት የግሪን ሃውስ ፕላስቲክ ከሦስት እስከ አራት ዓመት፣ የሊድ አሲድ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ፓኔል ደግሞ 25 ዓመት ያህል ያገለግላሉ። ስለዚህ ከግዢው ቀን ጀምሮ ለሚቀጥለው ፕላስቲክና ባትሪ የሚቀመጥ ገንዘብ እንደ አንድ የሥርዓቱ ክፍል በዕቅዱ ውስጥ ይካተታል።